የሚደበቀው ሳል፦ ኤችአይቪ የሳንባችንን መከላከያ እንዴት እንደሚያዳክምና ዝምታችን የሚያስከፍለን ዋጋ



እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ የማኅበረሰባችን ልጆች በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ቤት ለቤት ስንዞር ዓመታት ተቆጥረዋል። ቡና ተፈልቶ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ማሽካንታ፣ ከጎንደር ገና ስላልመጡ ዘመዶች እንጫወታለን። ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ብዛትም ዛሬ በግልጽ ይወራል። ስለ ሳል ግን አይወራም። ከጓዳ የሚያስል ሰው እንዳለ እየሰማን «ማን ታመመ?» ብለን ስንጠይቅ «ብርድ ነው ልጄ» ይባላል። ብርድ የተባለው ሳል ሦስት ወር ሲቆይም «ብርድ ነው» ይባላል።

ከቤተሰቦቹ አንዱ ያወጋንን እናስቀድም፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ስምም ቦታም አንጠቅስም። አንዲት እናት ሳሉ አልለቅ ሲላት የ13 ዓመት ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ዕብራይስጥ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው። ሐኪሙ ከጥያቄዎቹ መካከል «ኤችአይቪ ተመርምራ ታውቃለች?» ሲል ጠየቀ። ልጁ አፈረ። ወደ እናቱ ዞሮ «እማ፣ ጉንፋን ቶሎ ቶሎ ይይዝሻል ወይ ይላል» አላት። እሷም «አዎን» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ተመርምራለች ብሎ ያዘ፣ የሳል ሽሮፕ አዞ ሸኛት። የሳንባ ነቀርሳ እንዳለባት የታወቀው ከወራት በኋላ፣ ክብደቷ ክፉኛ ከቀነሰ በኋላ ነው። የኤችአይቪው ምርመራ ምን እንዳሳየ የእሷ ጉዳይ ስለሆነ አንጽፈውም። እዚህ ላይ ልጁን የሚወቅስ ሰው ካለ ተሳስቷል። ልጁን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ማነው? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

ዝምታው ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው በጥር ወር 1996 ማዕሪቭ ጋዜጣ ማጌን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የመጡ ዓሊም የለገሱትን ደም በድብቅ ሲጥል እንደኖረ አጋለጠ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት የኤችአይቪ ሥጋት ነበር። በጥር 28 ቀን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፉ። ከዚያም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በሦስት ዓመቷ ወደ እስራኤል የመጣችው የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ግቢ ውስጥ ደም ልለግስ ስትል እንደማንኛውም ሰው እንደማይወሰድላት ተነገራት። በትውልድ አገር ላይ ተመሥርቶ የቆየው ይህ ክልከላ የተነሳው በ2017 ነው።

ደም በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ያ ቁስል «ኤችአይቪ» የሚለውን ቃል የበሽታ ስም ሳይሆን የስድብ ስም አደረገው። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ በቂርያት ማላኪ አንዳንድ የቤት ባለቤቶች ለእኛ ሰዎች ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ ሲሰማ ሕዝቡ ለሰልፍ ወጣ። በዚህ ሁኔታ የኖረ ሰው «ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?» ብሎ ሳሉን ቢደብቅ ምክንያት አለው። ችግሩ በሽታው ይህን ምክንያት የማያውቅ መሆኑ ነው።

ሳንባ እንዴት ራሱን ይጠብቃል?

አንድ ሰው በቀን ወደ 10 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። ከአየሩ ጋር አቧራ፣ ጭስና ተዋሲያን ይገባሉ። በሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ በእነሱም ውስጥ ማክሮፋጅ የተባሉ ጠባቂ ሴሎች እየዞሩ የገባውን ይውጣሉ።

አገር ቤት የእህል ጠባቂ ማማ ላይ ተቀምጦ የሚያድርበትን ዘመን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ዝንጀሮ ሲመጣ አንዱ ጠባቂ ይጮኻል፤ ያኛው ማማ ይሰማና ወንጭፉን ያነሳል፤ ከሠፈር ሰው ይደርሳል። አዝመራው የሚድነው በመጠራራት ነው። በሳንባም እንዲሁ ነው። ማክሮፋጅ ብቻውን የነቀርሳን ተዋሲ ቢውጠውም ሊገድለው አይችልም፤ ተዋሲው እሆዱ ውስጥ ሆኖ ይኖራል። ሲዲ 4 የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን የመልእክት ንጥረ ነገር ሲለቁ ነው ማክሮፋጁ በርትቶ የሚገድለው። ቲኤንኤፍ የተባለው ሌላ መልእክት ደግሞ ሴሎቹን ሰብስቦ በተዋሲው ዙሪያ እንደ አጥር ያቆማቸዋል። ይህ አጥር ጠንካራ ሲሆን ተዋሲው በውስጡ ተኝቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ሰውየው አያስልም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። የተኛ ነቀርሳ የሚባለው ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይህ ተዋሲ ገብቶበታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእኛ መካከልም በሱዳን መጠለያ ሠፈሮች፣ በአዲስ አበባና በጎንደር ተጨናንቀን ዓሊያ ስንጠብቅ ሳናውቀው የያዘን ይኖራል። ይህ ነውር አይደለም። በተጨናነቀ ቤት አብሮ የኖረ ሰው ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል ነው።

የመልእክቱ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከሌላ አቅጣጫም ታይቷል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ከወጡ በኋላ፣ በ2001 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱ ሰዎች መካከል የተኛ ነቀርሳ የተነሳባቸው እንዳሉ አሳየ። መልእክቱ ሲታገድ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት የነቀርሳ ምርመራ ይደረጋል። ወላጆቻችሁ ይህ መድኃኒት ከታዘዘላቸው «የነቀርሳ ምርመራ ተደረገ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኤችአይቪ ሲገባ ምን ይሆናል?

ኤችአይቪ በተለይ የሚያጠቃው መልእክት አድራሾቹን የሲዲ 4 ሴሎች ነው። ከእነሱም ውስጥ የነቀርሳን ተዋሲ ለይተው የሚያውቁት ቀድመው እንደሚያልቁ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ የደም ምርመራው ቁጥር ገና ብዙም ሳይወርድ በሳንባ ውስጥ ያለው ጥበቃ ሊሳሳ ይችላል። ቫይረሱ በማክሮፋጆች ውስጥም ይገባል። በደህናው ጊዜ ተዋሲ የሞላበት ማክሮፋጅ የቲኤንኤፍ መልእክት ሲደርሰው ራሱን ያጠፋል፣ ተዋሲውም አብሮት ይሞታል። ኤችአይቪ ያለበት ማክሮፋጅ ግን ይህን ትእዛዝ በሚገባ አይቀበልም፤ ለተዋሲው መጠለያ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳቱ ከሁለቱም ወገን ነው። ነቀርሳ በሳንባ ውስጥ የሚያስነሳው ቁጣ ራሱ የኤችአይቪን መራባት ያፋጥናል። አንዱ ሌላውን ይመግባል። ሕክምና ያልጀመረ፣ ኤችአይቪና የተኛ ነቀርሳ አብረው ያሉበት ሰው በየዓመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ የመታመም ዕድል አለው። ሌላው ሰው በሙሉ ዕድሜው የሚሸከመውን ሥጋት እሱ በአንድ ዓመት ይሸከማል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች በመግደል ግንባር ቀደሙ ነቀርሳ ነው።

ከዚህም ባሻገር ምርመራው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። የቆዳው ምርመራ የሚያብጠው መከላከያው ሲሠራ ነው፤ መከላከያው ከደከመ ተዋሲው እያለ ቆዳው ላያብጥ ይችላል። በራጅም ላይ ሳንባው የለመድነውን ቀዳዳ ላያሳይ፣ በአክታም ተዋሲው ላይገኝ ይችላል። «ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ» ያለ ሰው ሳሉና ላቡ ካልተወው ተመልሶ ይሂድ የምንለው ለዚህ ነው። የኤችአይቪ ውጤቱን የማያውቅ ሐኪምም እነዚህን ምርመራዎች በትክክል ሊያነባቸው አይችልም። የ13 ዓመቱ ልጅ ያልተረጎማት አንዲት ጥያቄ ይህን ያህል ክብደት ነበራት።

በሬሆቮት ስለ እኛ የተጠና ነገር

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ከገዴራና ከያቭኔ አጠገብ ባለችው በሬሆቮት፣ በካፕላን ሆስፒታል፣ ፕሮፌሰር ጽቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ አዲስ የመጡ ዓሊምን የመከላከያ አቅም አጥንተዋል። ኤችአይቪ በሌለባቸውም ሰዎች ላይ ሳይቀር የመከላከያው ሴሎች ያለ ዕረፍት ተቀስቅሰው አገኙ። በ2000 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከዚህ የማያቋርጥ መቀስቀስ የተነሳ ሴሎቹ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ በሚገባ እንደማያስተላልፉ አሳዩ። ሌት ተቀን ሲጮኽ የሰነበተ ጠባቂ እውነተኛው ዝንጀሮ ሲመጣ ድምፁ ይዘጋል፤ ያም እንደዚሁ ነው።

ምክንያቱ ምን ነበር? ዘር አይደለም፣ ደምም አይደለም። አብዛኛው ሰው ከአገር ቤት ይዞት የመጣው የአንጀት ትል ነበር። ትሉ ሲታከም የሴሎቹ ሁኔታ እየተሻሻለ ሄደ፤ እዚህ ብዙ ዓመት የኖሩትም እንደ አዲሶቹ አልነበሩም። እንግዲህ «የኢትዮጵያውያን ደም» ተብሎ የተወራው ነገር በንጹሕ ውኃ፣ በመጸዳጃ ቤትና በርካሽ ክኒን የሚለወጥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አንዱ ተቋም ደማችንን ሲጥል ሌላው ደማችንን አጥንቶ ጥፋቱ የኑሮ ሁኔታ እንደሆነ እያሳየ ነበር።

በሌላ በኩል ነገሩን ማጋነን አይገባም። ትልን ማከም ኤችአይቪን ያዘገያል የሚል ተስፋ ነበር። በኬንያ ተካሂዶ በ2012 የታተመ ሰፊ ሙከራ ግን ለሁሉም የትል መድኃኒት መስጠት የኤችአይቪን ግስጋሴ እንዳላዘገየ አሳይቷል። የትል ሕክምና ለራሱ ጥሩ ነው፤ የኤችአይቪን መድኃኒት ግን አይተካም።

መድኃኒቱ ሲጀመር ለምን ይብሳል?

ቤት ለቤት ስንዞር ደጋግመን የሚያጋጥመን ሌላ ነገር አለ። ሰውየው ምርመራውን አልፎ፣ ውጤቱን ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን ይጀምራል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ዕጢው ያብጣል፣ ሳሉ ይብሳል። «መድኃኒታቸው ሊገድለኝ ነው» ብሎ ያቆማል። የጥንቱ ቁስል ስላለ ቤተሰቡም «እውነቱን ነው» ይላል።

የሆነው ግን ይህ ነው፦ የኤችአይቪው መድኃኒት ቫይረሱን ሲገታ የሲዲ 4 ሴሎች ይመለሳሉ፣ የተቋረጠው መልእክት እንደገና ይጀምራል። ዘግይተው የደረሱት ጠባቂዎች በሳንባ ውስጥ የተከማቸውን ተዋሲ ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ቁጣው ከዚህ ይመጣል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ የነቀርሳውን መድኃኒት ያስቀድማሉ፤ የኤችአይቪው በ2 ሳምንት ውስጥ ይከተላል። ነቀርሳው ወደ አንጎል ሽፋን ከደረሰ ግን ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። ቁጣው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይታከማል። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ተዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፤ መድኃኒት የለመደ ነቀርሳም ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን፣ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካናማ ቀይ ይለውጣል። «ደም ሸናሁ» ብለው ደንግጠው ያቆሙ አሉ። ደም አይደለም፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ይኸው መድኃኒት የአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችንና የወሊድ መከላከያ ክኒኖችን ኃይል ስለሚቀንስ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መንገር ግድ ነው።

ዛሬ ያለው እውነት

በ1996 ኤችአይቪ የሞት ፍርድ ይመስል ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱ በጤና ቅርጫት ውስጥ ስላለ በኩፓት ኾሊም በኩል ይገኛል። በአግባቡ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ከቆየም በግንኙነት ወደ ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ መቶ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ በ2016 ከታተመ ወዲህ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ጤናማ ልጅ መውለድም ይቻላል።

የሳንባ ነቀርሳም ይድናል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ መጀመሪያ 2 ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት። በእስራኤል ሕክምናው በነፃ ነው። የተኛውንም ነቀርሳ ሳይነሳ በመድኃኒት መከላከል ይቻላል፤ ኤችአይቪ ላለበት ሰው ደግሞ ይህ በተለይ ይመከራል። ቫይረሱ በደም ውስጥ ባይታይም በሳንባ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል የሳንባ ምች ክትባትና የየዓመቱ የጉንፋን ክትባት አይዘለሉ፤ ሲጋራም ይቅር።

ምስጢርን በተመለከተ ደግሞ ሕግ አለ። የታካሚ መብት ሕግ የወጣው በዚያችው በ1996 ዓመት ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ አስተርጓሚም ሆነ እንደ እኛ ያለ ማኅበራዊ ሠራተኛ ያወቀውን ለጎረቤት፣ ለቄስ፣ ለዘመድ ማውራት አይችልም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ለባለሥልጣናት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 የጤና አገልግሎት ለሁሉም በቋንቋውና በባህሉ ተደራሽ እንዲሆን መመሪያ አውጥቷል፤ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ሊውል ይገባ ነበር። መመሪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ልጅ እናቱን የሚያስተረጉምበት ክፍል እስካለ ድረስ መመሪያው ገና ወረቀት ላይ ነው። አስተርጓሚ ውለታ አይደለም፤ የምርመራው አካል ነው። በአማርኛም በትግርኛም የሚናገሩ አገናኝ ሠራተኞች ከበጀት ቅነሳ በፊት መቆረጥ የለባቸውም። ስለ ነቀርሳና ስለ ኤችአይቪ ሲነገርም መላው ማኅበረሰብ እንደ በሽታ ምንጭ ተደርጎ መነገር የለበትም። የ1996ቱ ስሕተት ዋጋው እስከ ዛሬ እየተከፈለ ነው።

ቀጥሎ ለእኛ ለራሳችን። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ወደ ሐኪም እንሂድ። ልጆቻችንን ለአስተርጓሚነት አንውሰድ፤ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብታችን ነው። ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲገኝ ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር። መድኃኒት ሲከብድ እንጠይቅ እንጂ ብቻችንን አናቁም። ከጎንደር የሚመጡ ዘመዶቻችንም በምርመራ ምክንያት ጉዟቸው ቢዘገይ «ውድቅ ሆኑ» ብለን አናሳፍራቸው፤ ታክመው ይመጣሉ።

ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችንም በዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ፣ በማኅበር ላይ «ሳል ያለበት ይታከም፣ ነውር የለውም» የሚል አንድ ቃል ከእነሱ አፍ ቢወጣ እኛ በአሥር ጉብኝት የማናመጣውን ያመጣል።

ያቺ እናት ሕክምናዋን ጨርሳለች። ልጇም አድጓል። ዛሬ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አስተርጓሚ በስልክ እንዲቀርብላት የምትጠይቀው ራሷ ናት፤ ልጁ ውጭ ሆኖ ይጠብቃታል። ለሌሎችም እንዲሁ እንዲሆን እንመኛለን።

ቸር ይግጠመን።